አንድ ዓርብ በካርቱም

በሰው አገር ሠርቶ የሚያድር ሰው የሚኖርበትን ከተማ የሚያውቀው በአብዛኛው በአንዲት መንገድ ብቻ ነው። ይህችም ጧት ከቤቱ ወደ ሥራው የምትወስደው፣ ማታም ከሥራው ወደ ቤቱ የምትመልሰው መንገድ ናት። ከዚያች መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ሁሉ ለርሱ እንደ ሩቅ አገር ነው። ከተማን መጎብኘት ገንዘብና ጊዜ የተረፋቸው መንገደኞች ሥራ እንጂ የዕለት እንጀራ የሚያሯሩጣቸው ሰዎች ጉዳይ አይደለም የሚል አሳብም በልቡ ያድራል። በ2002 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ፣ አል ዴይም በሚባለው ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ሦስት ኢትዮጵያውያን ወዳጆች እስከ አንዲት ዓርብ ድረስ የኖሩት በዚሁ አሳብ ነበር።

ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጠው የጎንደር ተወላጅ የሆነ ልብስ ሰፊ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ብዙ ሺህ ሰዎችን ከሰሜን ኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ባሰደደበት ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳለ ድንበር ተሻግሮ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት በስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ ኖሯል። ሁለተኛዋ ወሎዬ ናት። በገበያ ጥግ፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር፣ በከሰል ምድጃ ላይ ቡናና ሻይ እያፈላች ትሸጣለች፤ ዐረብኛውን እንደ አፍ መፍቻዋ ስለምታቀላጥፈው ደንበኞቿ ብዙ ናቸው። ሦስተኛው የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ካርቱም ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳሕን ያጥባል።

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በዓል በኋላ ወጣቱ ወደ አገሩ ለመመለስ ቆረጠ። እናቱ ታማ ነበርና ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከዚያም በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ሊሻገር ቲኬት ገዛ። ከቲኬቱ በኋላ በእጁ የቀረው ገንዘብ ግን ሁለት ዓመት ደክሞ ከተመለሰ ልጅ የሚጠበቅ ገንዘብ አልነበረም። ረቡዕ ማታ ሦስቱ ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለ፦

«ባዶ እጄን መግባቴስ ይሁን። እናቴ ትናንት በስልክ ‹ልጄ፣ ካርቱም እንዴት ያለ አገር ነው?› ብላ ብትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት ሳሕን ነው።»

ልብስ ሰፊው ሊሥቅ አሰበና ተወው። እርሱም ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያየው ጨርቅ መሆኑ ድንገት ትዝ አለው። ወሎዬዋ ግን ስኒዋን አስቀምጣ፣ «ዓርብ የሁላችንም የዕረፍት ቀን ነው። ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ያላየነውን እንይ» አለች። ጎንደሬው የገንዘቡን ነገር ቢያነሣ፣ እርሷ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ጀመር። እያንዳንዳቸው ዐሥር ዐሥር የሱዳን ጊኒ ያዋጣሉ። ታክሲ የለም፤ በአውቶቡስ መሄድ የማይቻልበትን በእግር ይሄዱታል። ዳቦና ተምር ከቤት ይያዛል። የሚጠጣ ውሃ አይገዛም፤ የካርቱም ሰው ለነፍሱ ሲል በየደጁና በየመንገዱ ዳር በትልልቅ የሸክላ ገንቦ ውሃ ሞልቶ ለአላፊ አግዳሚው ያስቀምጣልና። «ዓባይን ለማየት ደግሞ ከፈለቀበት አገር ለመጡ ሰዎች ዋጋ የሚጠይቅ የለም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። በአንድ ድምፅ የመዋጮው ሒሳብ ሹም ሆና ተመረጠች።

ዓርብ ጧት ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ተነሡ። የጥር ወር ለካርቱም የተባረከ ወር ነው። በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያነደው ፀሐይ በጥር ጧት ለስለስ ይላል፤ ሰውም ነጠላ ወይም ሹራብ ደርቦ ይወጣል። በመጀመሪያ ከአንድ ፉል ቤት ገቡ። ሻጩ የተቀቀለውን ባቄላ በጠርሙስ ቂጥ ደቁሶ፣ የሰሊጥ ዘይትና ከሙን ጨምሮ በአንድ ሳሕን አቀረበላቸው። ሦስቱም እንደ አገራቸው ወግ ከአንድ ማዕድ በሉ። ወጣቱ ሳሕኑ ባዶ ሲሆን አየውና፣ «ዛሬ የሚያጥበው ሌላ ነው» ሲል ጓደኞቹ ሣቁ። ከዚያ ወደ መኻል ከተማ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። በካርቱም አውቶቡስ ውስጥ መውረድ የሚፈልግ ሰው አይጮኽም፤ ጣቱን ብቻ ያጮኻል። ወሎዬዋ ጣቷን ስታጮኽ መኪናው ቆመ።

የመጀመሪያው ጉዟቸው በጥቁር ዓባይ ዳርቻ በተዘረጋው በዓባይ ጎዳና ላይ ሆነ። በግራና በቀኝ ያረጁ ትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፎቻቸውን አጋጥመው ጥላ ሠርተዋል። ካርቱም ጥንታዊት ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የግብፅ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ከያዘ በኋላ ከጦር ሰፈርነት ያደገች ናት። ስሟም፣ እንደሚባለው፣ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ያለው ምድር የዝሆን ኩምቢ ስለሚመስል ከዚያ የመጣ ነው። ወዳጆቹ በነጩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት አለፉ። በዚያው ስፍራ በነበረው የቀድሞ ቤተ መንግሥት እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን እ.ኤ.አ. በጥር 1885 በማኅዲው ጦር ተገድሏል። ዘበኞች በበሩ ቆመው ስለ ነበር ሦስቱ ሳይቆሙ ተራመዱ። ወጣቱ በስልኩ ፎቶ ግራፍ ሊያነሣ ሲል ግን ልብስ ሰፊው እጁን ያዘው። በዚያን ጊዜ በሱዳን ያለ ፈቃድ ወረቀት ፎቶ ግራፍ ማንሣት ከፖሊስ ያጣላ ነበርና፣ «በዓይንህ አንሣው፤ እርሱን ማንም አይቀማህም» አለው። ቃሉ ለጊዜው እንደ ቀልድ ታለፈ።

ጥቂት እንደ ሄዱ በሽቦ ተወጥሮ ወደተንጠለጠለው የቱቲ ድልድይ ደረሱ። ቱቲ ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙበት ጥግ ያለች ደሴት ናት። ይህ ድልድይ ከመከፈቱ በፊት የደሴቲቱ ሰዎች ወደ ካርቱም የሚሻገሩት በጀልባ ነበር። በቱቲ የከተማው ጩኸት አይሰማም። የጭቃ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች፣ የአትክልት መደቦች፣ የሎሚ ዛፎች፣ በአህያ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ይታያሉ። ሦስቱም በአትክልቱ መካከል ባለው ቀጭን መንገድ ወደ ደሴቲቱ ምዕራባዊ ጫፍ አመሩ።

እዚያም ቆሙ። በስተቀኝ ጠባቡና ጥልቁ ጥቁር ዓባይ፣ በስተግራ ሰፊውና ዝግ ያለው ነጭ ዓባይ ይመጣሉ። በጥር ወር የክረምቱ ጎርፍ ካለፈ ስለሚቆይ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ውሃ ጠርቶ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነሥቶ ረግረጉን ሁሉ አቋርጦ የሚመጣው ደግሞ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። ሁለቱ ተገናኝተውም ወዲያው አይዋሐዱም። ጥቂት መንገድ ጎን ለጎን፣ ቀለማቸውን ለይተው ይሄዳሉ።

ወጣቱ ለብዙ ጊዜ ምንም አልተናገረም። በልጅነቱ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ከእኩዮቹ ጋር ይዋኝ ነበር። ያ ውሃ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ በጢስ ዓባይ ወድቆ፣ ጎጃምን እንደ ቀለበት ዞሮ፣ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ወለል ሲለካ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከጣና ወደ 380 ሜትር ገደማ ወርዶ ከእግሩ ሥር ደርሷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ውሃ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ እየኖረ፣ በዚሁ ውሃ ሳሕን እያጠበ፣ አንድም ቀን መጥቶ አላየውም። ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ጨለፈና ፊቱን ታጠበ።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው» አለች ወሎዬዋ።

«ሌላም አለ» አለ ጎንደሬው፤ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል። እንደኛ።»

ይህን ሲነጋገሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከመደቡ ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው። ከየት እንደ መጡ ጠይቆ ሐበሾች መሆናቸውን በሰማ ጊዜ፣ ወንዙን በጣቱ እያመለከተ አንድ ነገር ተናገረ፤ ወሎዬዋም ለጓደኞቿ ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ያለው፣ «ይህ የምቆፍረው አፈር የናንተ ነው፤ በነሐሴ ነው የሚመጣው» ነበር። ነገሩ እውነት ነበር። በዚያን ዘመን በክረምት ወራት ጥቁር ዓባይ የኢትዮጵያን ደጋ አፈር ተሸክሞ፣ ደም መስሎ ይመጣ ነበር። ኃይሉ ከመበርታቱ የተነሣ ነጩን ዓባይ አግዶ ወደ ኋላ እንዲተኛ ያደርገው ነበር። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከመቶ 85 የሚሆነው በጥቁር ዓባይ፣ በባሮና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ ነው። የቱቲ ሰዎች በጎርፉ ወራት ሌሊቱን ተራ ገብተው የወንዙን ዳር ይጠብቁ ነበር፤ ጎርፉ ሲጎድልም የተረፈውን ለም ደለል ያርሱት ነበር። ሽማግሌው አንድ እስር ጅርጅር ነቅሎ «ተፈደሉ» ብሎ ሰጣቸው። ሒሳብ ሹሟ ቦርሳዋን ብትከፍት እጁን አወዛወዘ እንጂ ገንዘብ አልተቀበለም። ቅጠሉን በዳቦ ጠቅልለው እየበሉ ሲመለሱ ጎንደሬው፣ «እንግዲህ ይህ የጎጃም አፈር ያበቀለው ነው፤ እንግዶች ነን ብለን ማፈራችን ስለምንድን ነው?» አለ።

ከአራት ሰዓት በኋላ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ ነበሩ። የዕለቱ ትልቁ ወጪ የመግቢያው ዋጋ ቢሆንም፣ ሦስቱን የሚያስቆጭ አልነበረም። ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በግብፅ የአስዋን ታላቁ ግድብ ሲሠራ ከኋላው የተኛው ሐይቅ የኑቢያን ምድር ሊያሰጥም ሆነ። በዚያን ጊዜ የብዙ አገሮች ሊቃውንት ተረዳድተው ጥንታዊ ቤተ መቅደሶችን ድንጋይ በድንጋይ እየፈቱ ከውሃው አወጡ። ከነዚህም አንዳንዶቹ፣ የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት በቡሄን ያሠራችው ቤተ መቅደስ ጭምር፣ በሙዚየሙ አጸድ ውስጥ እንደገና ተተከሉ። በመካከላቸውም ዓባይን እንዲመስል ውሃ የሞላበት ቦይ ተሠራ።

ከውስጥ ሲገቡ የንጉሥ ታሃርቃ የጥቁር ድንጋይ ሐውልት ተቀበላቸው። ታሃርቃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ኩሽንና ግብፅን አንድ አድርጎ የገዛ ንጉሥ ነው። ልብስ ሰፊው አንገቱን ቀና አድርጎ ተመለከተው። ጥቁር ሰው እንዲህ ሆኖ በድንጋይ ሲቀረጽ አላየም ነበር። ወጣቱ ከመርዌ የተገኙትን ዕቃዎች ሲያይ፣ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ወደዚህ አገር መዝመቱን በድንጋይ ላይ ማስጻፉን በትምህርት ቤት መማሩ ትዝ አለውና ለጓደኞቹ ነገራቸው። ያኔ ለፈተና ብቻ ያጠናው ነገር አሁን በፊቱ ቆሞ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ የቆዩት ግን በላይኛው ፎቅ ነው። በዚያ ከፋራስ ካቴድራል ግድግዳ ላይ የተነሡ ሥዕሎች ነበሩ። ኑቢያ ከስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የክርስቲያን መንግሥታት አገር ነበረች። የፖላንድ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1964 በፋራስ ሲቆፍሩ በአሸዋ የተቀበረውን ካቴድራል አገኙ፤ ሐይቁም ሳይደርስ ሥዕሎቹን ከግድግዳው አውልቀው አተረፉ። ከፊሎቹ ወደ ዋርሶ ሄዱ፤ ከፊሎቹ በካርቱም ቀሩ።

ጎንደሬው ከአንዱ ሥዕል ፊት ሲደርስ ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። ሦስት ወጣቶች በእሳት ነበልባል መካከል ቆመዋል። ከኋላቸው ክንፉን የዘረጋ መልአክ አለ። ዓይኖቻቸው ትልልቅና ክብ፣ ልክ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ እንደሚታዩት ናቸው።

«ሠለስቱ ደቂቅ!» አለ። «አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። ናቡከደነፆር ለምስሉ አልሰግድም ስላሉ ከእቶን የጣላቸው። መልአኩም ገብርኤል ነው።»

ወጣቱ ከሥዕሉ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ግን ሚካኤል ነው የሚለው።»

«እንዴት ሚካኤል ይሆናል? ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ የማን በዓል ነው?»

«የኑቢያ ሰዎች እንዲህ ብለው ያምኑ ይሆናላ።»

ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ፣ በእስልምና ያደገችው ወሎዬ ሥዕሉን አየችና ሁለቱን አየቻቸው። «በስሙ ላይ ምን ያጣላችኋል?» አለች፤ «ልጆቹ ከእሳቱ ወጥተዋል አይደል?» ሁለቱም መልስ አጡ። ዘበኛው እስኪሰማ ድረስ ሣቁ።

ቀትር ላይ የጁምዓ ጸሎት ደርሶ ከተማዪቱ ጸጥ አለች። ወሎዬዋ በአቅራቢያ ወዳለ መስጊድ ሄዳ እስክትመለስ ሁለቱ ወንዶች ከዛፍ ጥላ ሥር አረፉ። ከዚያም የቀረውን ዳቦና ተምር በልተው፣ ከመንገድ ዳር ገንቦ ውሃ ጠጥተው፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1926 በሠሩት የነጭ ዓባይ ድልድይ ላይ በእግራቸው ወደ ኦምዱርማን ተሻገሩ።

ወደ ኦምዱርማን ለመሄድ ልብስ ሰፊው ከመጀመሪያውም ልቡ አልፈቀደም ነበር። ምክንያቱን የተናገረው ድልድዩ መካከል ሲደርሱ ነው። ጎንደር ውስጥ በርሱ የልጅነት ዘመን የሚያለቅስ ሕፃን «ደርቡሽ መጣልህ!» ተብሎ ዝም ይሰኝ ነበር። ደርቡሽ የሚባለው የማኅዲው ጦር በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ከተማዪቱንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥሏል፤ ብዙ ሰው ማርኳል። የልብስ ሰፊው ቤተ ሰብም የተማረኩ ዘመዶች ነበሩት፤ እነርሱም አልተመለሱም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት ቆስለው ሲሞቱ፣ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። «ሃያ አምስት ዓመት እዚህ ስኖር» አለ፣ «ለሥራ ካልሆነ በቀር ይህን ድልድይ ወድጄ ተሻግሬው አላውቅም።»

ጓደኞቹ «እንመለስ» አላሉትም፤ «እንሂድ» ብለውም አልገፉትም። ጥቂት ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ እርሱ ራሱ ቀድሞ ተራመደ።

የማኅዲው መቃብር ከሩቅ በሚያበራ ጉልላቱ ይታወቃል። ማኅዲው መሐመድ አሕመድ ካርቱምን ከያዘ ከጥቂት ወራት በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1885 ሞተ። የመጀመሪያውን መቃብር የእንግሊዙ የኪችነር ጦር እ.ኤ.አ. በ1898 አፈረሰው፤ አሁን ያለው በልጁ እ.ኤ.አ. በ1947 እንደገና የተሠራ ነው። ከፊት ለፊቱ የተተኪው የኸሊፋ ዐብደላሂ ቤት ሙዚየም ሆኖ ቆሞ ነበር። እዚያ ውስጥ ከጦሩና ከጎራዴው ይልቅ ልብስ ሰፊውን የያዘው በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ አንድ የደርቡሽ ወታደር እጀ ጠባብ ነበር። ሸማው ነጭ ሆኖ በላዩ ላይ ባለ ቀለም ዕራፊዎች ተጥፈውበታል። ይህ ልብስ በመጀመሪያ የድህነትና የትሕትና ምልክት ነበር፤ በኋላ የጦሩ መለያ ሆነ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ስፌቱን መረመረ።

«በእጅ የተሰፋ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጥልፉ ደቃቅ ነው፤ ተቻኩላ የሰፋችው አይደለም። ይህን ሰው የምትወደው እናት ወይም ሚስት ነበረችው ማለት ነው።» ከዚያ በኋላ ስለ ልብሱ ሌላ አልተናገረም።

ከውጭ፣ ከአጥሩ ጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዘበኛ ማንነታቸውን ጠየቋቸው። ከኢትዮጵያ መሆናቸውን ሲሰሙ፣ «የነጃሺ አገር ሰዎች!» ብለው ብድግ አሉ። የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በመካ በተሰደዱ ጊዜ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የኢትዮጵያው ንጉሥ ተቀብሎ እንዳስጠጋቸው በሱዳን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። አዛውንቱ ከገንቦው ውሃ ቀድተው መጀመሪያ ለልብስ ሰፊው ሰጡት። እርሱም በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጠጣና አመሰገነ። እኒህ ሰው ስለ ጎንደር ቃጠሎ ምን ያውቃሉ? እርሱስ በኪችነር መድፍና መትረየስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1898 ከኦምዱርማን ውጭ በአንድ ጧት ስላለቁት ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ ሱዳናውያን እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ያውቅ ነበር? አንዱ የሌላውን ኀዘን ሳያውቅ ውሃ ተሰጣጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ሸኽ ሐመድ አል ኒል መቃብር ደረሱ። በዚያን ዘመን በየዓርቡ ምሽት በዚያ የቃዲሪያ መንገድ ተከታዮች ዚክር ያደርጉ ነበር፤ ማንም ሰው፣ የሌላ ሃይማኖት ተከታይም ቢሆን፣ ያለ ክፍያ ማየት ይችል ነበር። አረንጓዴና ቀይ ልብስ የለበሱ፣ አንዳንዶቹም ባለ ዕራፊ ካባ የደረቡ ሰዎች ከበሮ እየመቱ መጡ። ሕዝቡ ታላቅ ክብ ሠራ። ዕጣን ጨሰ። የአምላካቸውን ስም እየደጋገሙ ሲወዛወዙ፣ አንዳንዶቹም በመካከል ሲሽከረከሩ አቧራው በምሽቱ ብርሃን ወርቅ መሰለ። ወጣቱ ወደ ጎንደሬው ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እነዚህን ምን ይሏቸዋል?» ሲል ጠየቀው።

«ደርቢሽ» አለ ልብስ ሰፊው፤ ራሱም ፈገግ አለ። አንድ በዝማሬ የደከመ ሽማግሌ ደርቢሽ በአጠገቡ ሲያልፍ ትከሻውን ነካ አድርጎት ሄደ። ሕፃን ሳለ ያስፈራራው የነበረው ስም ይኸው ላብ የሚያልበው፣ የሚስቅ፣ ያረጀ ሰው ሆኖ አገኘው።

ሲመሽ በአውቶቡስ ወደ አል ዴይም ተመለሱ። ወሎዬዋ ምድጃዋን አቀጣጥላ ቡና አፈላች፤ ሒሳቡንም በፊታቸው ቆጠረች። ከሠላሳው ጊኒ ስድስት ተርፎ ነበር። ሁለት ሁለት ይካፈሉ ቢባል እርሷ እንቢ አለች። ገንዘቡን በወጣቱ ኪስ ከታ፣ «ገላባት ስትደርስ ሻይ ጠጣበት፤ ለእናትህም ያየኸውን አንድም ሳታስቀር ንገራት» አለችው። ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ ሸኙት።

ወጣቱ ባሕር ዳር ደርሶ ከእናቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ሻንጣው ቀላል ነበር፤ ወሬው ግን አላለቀም። ስለ ሁለቱ ውሃዎች፣ ስለ ሽማግሌው ጅርጅር፣ ስለ ገብርኤልና ሚካኤል ክርክር ብዙ ምሽት ነገራት። እናቱም ታሪኩን ለሚጠይቋት ጎረቤቶች ሁሉ «ልጄ ካርቱምን አይቶ መጣ» እያለች ትናገር ጀመር እንጂ፣ ምን ይዞ እንደ መጣ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። እርሱም በኋላ ትምህርቱን ቀጥሎ መምህር ሆነ።

ከዚያች ዓርብ ዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በሚባለው ጦር መካከል በካርቱም ውጊያ ተነሣ። ሦስቱ በእግራቸው የሄዱበት የዓባይ ጎዳና የጦር ግንባር ሆነ። ቤተ መንግሥቱ ተደበደበ። ብሔራዊ ሙዚየሙም በጦርነቱ ውስጥ ተዘረፈ። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አካባቢውን መልሶ በያዘ ጊዜ ብዙ ሣጥኖች ባዶ ሆነው ተገኙ፤ የታሃርቃ ሐውልት ግን ከክብደቱ የተነሣ ሊነቀል ስላልቻለ በቦታው ቆሞ ነበር።

ወሎዬዋ ጦርነቱ በተነሣ በሁለተኛው ወር ከብዙ ሺህ ስደተኞች ጋር በመተማ በኩል ወደ አገሯ ገባች። ከምድጃዋ በቀር ያተረፈችው ዕቃ አልነበረም። መምህሩ ወሬዋን ሰምቶ ጎንደር ድረስ ሄዶ አገኛት። የልብስ ሰፊው ወሬ ግን ለብዙ ሳምንታት ጠፍቶ ቆየ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከፖርት ሱዳን ስልክ ደወለ። የስፌት መኪናውን ጥሎ፣ በሕይወቱ ወጥቶ፣ ከቀይ ባሕር ዳር ደርሷል። ድምፁን ሲሰሙ ሁለቱም መናገር አቃታቸው።

«እናንተስ?» አለ እርሱ ከዚያ ማዶ፤ «ሁላችንም ወጥተናል?»

«ልጆቹ ወጥተዋል፣ ጋሼ» አለችው ወሎዬዋ።

በዚያች ዓርብ ሦስቱ ያወጡት ሃያ አራት ጊኒ ነበር። ያዩትን ግን ዛሬ በምንም ያህል ገንዘብ እንደዚያ አድርጎ ማየት አይቻልም። ለመጎብኘት ብዙ ሀብት የግድ አይደለም። አብሮ የሚሄድ ወዳጅ፣ የሚራመድ እግርና ለማየት የፈቀደ ልብ ይበቃሉ። ከተማ ይፈርሳል፤ ቅርስም ይዘረፋል። ሰው በዓይኑ አንሥቶ በልቡ ያኖረውን ግን፣ ልብስ ሰፊው በቀልድ መልክ እንደ ተናገረው፣ ማንም አይቀማውም።